ክንፏ የታጠፈ ትንኝ

ሲፈን የተገኘችው ማክሰኞ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ዲላ ውስጥ ትንኝ በምታጠናበት ቤተ ሙከራ፣ ጠረጴዛው ሥር በጎኗ ወድቃ። ማይክሮስኮፑ እንደበራ ነበር። ኢንስፔክተር የትምወርቅ ስትደርስ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጭንቅላቷን የጠረጴዛው ማዕዘን መቷታል። ወዲያው ግን አልሞተችም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሕይወት ነበረች» አላት።

ከሟቿ ሌላ የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ትጊና የጥናት ባልደረባዋ ፍሬዘር ብቻ ነበሩ። ትጊ እያለቀሰች የጠቆመችው ግን የሲፈንን እጮኛ፣ አብዲሳን ነው።

«ትናንት በር ላይ ሲጣሉ ሰምቻለሁ እትዬ። ‹ከእኔ ትንኝ ይበልጥብሻል› ሲላት!»

አብዲሳ አልካደም። «ብያታለሁ። ሠርጋችንን ሁለተኛ ስታራዝምብኝ ተናደድኩ። ዛሬ የመጣሁት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር።»

ፍሬዘር ከዲላ ርቃ ከምትገኘው ከጨለለቅቱ ከተማ በሞተር ገስግሶ እንደመጣ ተናገረ። «ከንጋት ጀምሮ እዚያ ትንኝ ስሰበስብ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ የያዝኳትን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬያለሁ፤ ይኸው።»

«ትንኟስ?»

«አመለጠችኝ።»

የትምወርቅ ፎቶውን በጣቶቿ አስፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ሲፈን በነጭ ወረቀት ላይ ያስቀመጠቻት አንዲት ትንኝ ነበረች፤ አጠገቧ ደብተሯ ተከፍቷል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ፍሬዘር፣ የፎቶህ ትንኝ የግራ የኋላ እግሯ ከመሃል ተቆርጧል፤ የቀኝ ክንፏ ጫፍ ታጥፏል። ይህቺም እንዲሁ ናት። የክንፏ ነጠብጣብ እንኳ አንድ በአንድ ይገጥማል።»

«ድሮ ያነሳሁትን ተሳስቼ ልኬ ይሆናል።»

«ድሮ አልነበረችም። ሲፈን ከዲላ የበርሜል ውሃ ያመጣችውን እጭ እዚህ ታሳድግ ነበር። ደብተሯ ‹ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት አንዷ ክንፍ አውጥታ ወጣች፤ ክንፏ ታጥፏል› ይላል። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ የወጣች ትንኝ ሦስት ሰዓት ላይ ጨለለቅቱ ልትገኝ አትችልም። ፎቶውን ያነሳኸው እዚህ ነው። ከሥሩ ደግሞ ምን ጻፈች? ‹ፍሬዘር ከጨለለቅቱ አመጣሁ የሚለው ሁሉ ዝርያው የዲላ በርሜል ትንኝ ነው። ዛሬ እጠይቀዋለሁ።›»

ፍሬዘር ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጨለለቅቱ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም» አለ። «‹ለሰዉ የትንኝ መድኃኒት የሚረጨው እኛ የጻፍነው ታይቶ ነው፤ እናገራለሁ› አለችኝ። ስልኳን ልቀማት ስል ገፋኋት። የሞተች መስሎኝ ነው።»

«ፎቶውን ስታነሳ ትተነፍስ ነበር?»

ትጊ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

«ታቃስት ነበር» አለ ፍሬዘር በመጨረሻ።

ፍሬዘር በፖሊስ ተይዞ ከተወሰደም በኋላ አብዲሳ ከተቀመጠበት አልተነሳም። የትምወርቅ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እናቷ የሚኖሩት ባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ነው አይደል? ልደውልላቸው?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «ሲፈንን ለጋብቻ እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ ዘመድ እዚህ የለኝም።»

ረቡዕ ጠዋት አብዲሳና ሦስቱ ሽማግሌዎች ባንኮ ጎቲቲ ደረሱ። የሲፈን እናት ሽማግሌዎቹን ከሩቅ ሲለዩዋቸው የሠርጉ ቀን የተቆረጠ መሰላቸው። ፈገግ ብለው ወንበር ሊያወጡ ወደ ቤት ገቡ።