የሌንስ ሞራጁ ሥዕል

«አውርጂው!» አሉ የፊዚክስ መምህሩ ሄር ብሮክሆፍ።

ቪብከ ስፒሏን እንደያዘች ግድግዳው ሥር ቆማ ቀረች። በዚህ በጀርመኗ የጌቲንገን ከተማ ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ የሚያደንቀውን የፊዚክስ ሊቅ ሥዕል ይሰቅልና ስለ እሱ ይናገራል። ንግግሩ ከጣመ ተማሪው አያጨበጭብም፤ ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳለታል። ቪብከ ግን የሰቀለችው ፈላስፋ ነው።

«ሌንስ እየሞረደ ነበር የሚኖረው፣ ሄር ብሮክሆፍ።»

«ታዲያ መነጽር የጠገነ ሁሉ እዚህ ሊሰቀል ነው?»

ክፍሉ አውካካ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው የልብ ጓደኛዋ ዮስት ነበር፤ እሱ ነው ያንገበገባት።

«ወይ ሌላ ትሰቅያለሽ፣ ወይ አምስት ትወስጃለሽ» አሉ መምህሩ። አምስት ማለት መውደቅ ነው። የወደቀ ደግሞ በሐምሌ ዕረፍት የዩኒቨርሲቲውን ላቦራቶሪ ደጃፍ አይረግጥም። ቪብከ እዚያ የመሥራትን ዕድል ስትመኝ ነው የኖረችው።

«ቪቢ፣ ተይ እንጂ» አለ ዮስት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከነገሩ ጦም እደሩ ነው። አንዱን ባለ ዊግ የፊዚክስ ሊቅ ስቀይና ተገላገዪ!»

«ዝም በል፣ ፈሪ!»

ወደ መምህሩ ዞረች። ከሰሌዳው በላይ ወደተሰቀለው ሥዕል በጣቷ ጠቆመች።

«ያ ፀጉሩ የተንጨባረረው የፊዚክስ ሊቅ፣ እርስዎ ራስዎ የሰቀሉት፣ ይህን ሰው ከልቡ ያከብረው ነበር። የኖረበትን ቤት ሊያይ ሆላንድ ድረስ ሄዷል።»

«እና?»

«እናማ እርስዎ ሁልጊዜ ‹ምክንያት የሌለው ነገር የለም› ይሉናል። ይህ ሰውም ያለው ይህንኑ ነው፤ አባባሉ በምን መሣሪያ ተለካ?»

ሄር ብሮክሆፍ የውጤት መዝገባቸውን ገለጡ። «ይሄ... ይሄ የፊዚክስ ጥያቄ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው? ፊዚክስስ ያለዚህ አባባል አንድ እርምጃ ይራመዳል?»

የመምህሩ ጆሮ ቀላ። ጥያቄዋ እንደነካቸው ያስታውቃል፤ ቃላቸውን ማጠፍ ግን ሞት ሆነባቸው። «ደወሉ ሳይደወል ይውረድ» ብለው እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ቪብከ ሥዕሉን አየችው። ሐሳብህን ተው ሲሉት እምቢ ብሎ የገዛ ወገኖቹ ያባረሩት ሰው ነው። ላቦራቶሪው ቆጫት። ሥዕሉ በአንድ ስፒል ብቻ ተይዞ ተንጋዷል። ከስፒል ማስቀመጫው ሳጥን ሌሎች ስፒሎች አወጣችና የቀሩትን ማዕዘኖች ተራ በተራ ጠበቅ አድርጋ ወጋቻቸው።

«አምስቱን ይጻፉት፣ ሄር ብሮክሆፍ» አለች። «እኔ ንግግሬን ልጀምር።»

ንግግሯን ገና ሳትጀምር ከኋላ ጠረጴዛ ተንኳኳ። ዮስት ነበር፤ አቀርቅሮ፣ ብቻውን ያንኳኳል።