ቢጫው ወንበር ባዶ ነበር

ይሄ ተረት አይደለም። በዚህ ዓይኔ ያየሁት ነው። የማያምን አይመን። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አላውቅም... የሰማሁትን አወራለሁ፣ እሱ ሌላ ነው።

እኔ እናገራለሁ፣ ምራቴ ስልኳ ላይ ትጽፋለች። ስለ እሷ የምለውንም ሳትዘል እንድትጽፍ አስምያታለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ አስር ነው። ፀሐይ አለች። ጨለማ ምናምን የለም።

ቦታው መጫወቻ ሜዳ... ያ ትልቁ ጎማ ያለበት። ዙሪያውን ወንበር ተንጠልጥሎበት፣ ሰው ይዞ ሽቅብ የሚዞረው።

የሄድኩት ለልጅ ልጄ ብዬ ነው። ድንቢጥ ነው የምላት። ድንቢጥ ትባል እንጂ ከፍታ ትፈራለች። ግቢያችን ውስጥ መሃሉ ብረት ላይ ያረፈ ረጅም ጣውላ አለ፤ ልጆች ጫፍና ጫፍ ይቀመጡና አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሳል። የእሷ እግር ገና ከመሬት ለቀቅ ሲል ሰፈሩ እስኪሰማ ትጮሃለች።

በሚቀጥለው ዓመት ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው። ሊያለማምዷት ሲወስዷት የደረጃውን ብረት አቅፋ አልላቀቅ አለች። ዳይሬክተሯ "እንዲህ ከሆነች ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉላት" ብላ ቁርጡን ተናገረች። ልጄና ምራቴ በዚህ ሲነታረኩ ከረሙ።

"ፍርሃቷን እኔ አስወጣላታለሁ!" አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል?

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ኋላ ይመጣል። እኔ ቀጭን ነኝ። በልጅነቴ "ክር" ነበር የምባለው። ግን ከቤት ስወጣ ሹራቦቼን በሙሉ ደራርቤ ነው የምወጣው። ለምን? ትቻቸው ከወጣሁ ምራቴ "አሮጌ ነው" እያለች ለሰው ታድልብኛለች።

ጻፊው! ምን ታዪኛለሽ? ጻፊው።

እና መጫወቻው ሜዳ ደረስን። ድንቢጥ ጎማውን ቀና ብላ አየችና ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። "ትንሽ እንየው" ብዬ ቲኬት ቆራጯ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሴትየዋ ወሬ ትወዳለች። ወዲያው ተግባባን።

ስናወራ ዓይኔ ጎማው ላይ ነው...

አንድ ቢጫ ወንበር አለ። ሰው አይቀመጥበትም። ዙሪያውን በሰንሰለት ታስሯል።

ነፋስ ሲመጣ ሌሎቹ ወንበሮች ይወዛወዛሉ።

ቢጫው አይወዛወዝም።

ወደ አንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ዝም ይላል። ልክ... ጥግ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስል።

ጎማ አዟሪውን ደግሞ አየሁት። ከሲታ ነው፣ ፂሙን ያልተላጨ። ቢጫው ወንበር በፊቱ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። ሁልጊዜ! ሌላው ሲያልፍ አያዞርም።

"ምን ደብቆበት ነው?" አልኳት ቲኬት ቆራጯን በሹክሹክታ።

"ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ..."

"ኮንትሮባንድ ነው?"

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። "እኔም አላውቅም። ግን ከቢጫው ፊት ለፊት አረንጓዴ አለ አይደል? እዚያ ወፍራም ወፍራሙን ሰው እየመረጠ ነው የሚያስቀምጠው።"

"ሚስት እየፈለገ ይሆናላ!"

"ወንዱንም እኮ ነው እማማ።" ጠጋ አለችኝ። "አንዴ ጠይቄው፣ 'ሚዛን ለመጠበቅ ነው' አለኝ።"

"ቢጫው ላይ ማን አለና ነው ሚዛን የሚጠበቀው?"

ቲኬቶቿን ማስተካከል ጀመረች...

በቃ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ቤቴ የምገባ ሴት ነኝ? አረንጓዴው ላይ ከተቀመጥኩ ቢጫውን ፊት ለፊት አየዋለሁ። ድንቢጥን እጇን ይዤ ተነሳሁ።

"አያቴ፣ እፈራለሁ..."

"እኔ እያለሁ? አንድ ዙር ብቻ። ዓይንሽን ጨፍኚ።"

አዟሪው ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሹራቦቹን ማለቴ ነው። የሰው ክብደት በዓይኑ ነው የሚመዝነው።

"እማማ፣ እርስዎ አረንጓዴው ላይ።"

እንዴት ደስ አለኝ! ዕድሜ ልኳን "ክር" ስትባል የኖረች ሴት ወፍራም ተባለች! ሹራብ ነው አላልኩትም።

የእጄን አንጓ ይዞ ደግፎ አስቀመጠኝ። ያዝ አድርጎ ትንሽ ቆየ... ከዚያ ብረቱን ዘጋብን።

ሌላ ተሳፋሪ አልነበረም። እኛ ብቻ ነን።

ጎማው ተነሳ። ድንቢጥ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ተክላለች። ሹራቦቼ አዳኑኝ እንጂ ይደማ ነበር።

ወደ መሃል ከፍታው ስንደርስ ቢጫው ከማዶ ትክክል ፊት ለፊታችን ሆነ።

አጮልቄ አየሁ።

ኮንትሮባንድ የለም። ጆንያ የለም። ምንም የለም።

ግን መቀመጫው ላይ ያለው ስፖንጅ... ጎድጉዷል። ልክ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው።

በዚያው ቅጽበት ሙዚቃው ቆመ።

መብራት ሄደ።

ጎማው ቀጥ አለ። እኛ በዚህ ጎን፣ ቢጫው በዚያ ጎን፣ እኩል ለእኩል።

ከታች አዟሪው የእጅ ፍሬኑን ሲጎትት ይታየኛል። ብረት ሲንሸራተት ሰማሁ። ሲጢጢጢጥ...

ልብ በሉ። እኔ አለሁ። ልጅቷ አለች። ያኛው ባዶ ነው። ፍሬን ከለቀቀ መውረድ ያለብን እኛ ነን አይደል?

ወደ ላይ ተነሳን።

ቀስ... ቀስ እያልን ወደ ላይ። ቢጫው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ታች።

"እማማ!" ጮኸ አዟሪው ከታች። "እርስዎ ከባድ አይደሉም እንዴ?!"

"ሹራብ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሹራብ ነው ልጄ!"

ፍሬኑን ለቆ ወደ ኋላ ሄደ። ወደ ኋላ!

እኛ ጫፍ ላይ ደረስን። ቢጫው መሬት ደረሰ።

ሰንሰለቱ ሲወድቅ ድምፁ ላይ ድረስ ተሰማኝ። የነካው ሰው የለም።

ከዚያ ቢጫው ወንበር... ተወዛወዘ። ቅልል ብሎ፣ እንደ ሌሎቹ።

እኛም መውረድ ጀመርን። በራሳችን።

ድንቢጥ ጥፍሯን ከክንዴ አነሳች። ሳያት ዓይኗን ገልጣለች። ወደ ታች፣ መውረጃው ጋ ታያለች። ማልቀሷን አቁማለች።

"አያቴ፣ እየጠበቀችን ነው" አለችኝ።

"ማን?"

ዝም።

አዟሪው ብረቱን ከፈተልን። እጁ በረዶ ሆኗል። እኔን አላየኝም። ድንቢጥንም አላየም። ከድንቢጥ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ጎማውን በእጁ ገፍቶ ቢጫውን ወደ ታች አወረደና ቁጭ አለበት። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት ይመስላችኋል? አይደለም። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው።

ማታ ሹራቦቼን ሳወልቅ ነው የበራልኝ...

አንጓዬን ይዞ ነበር እኮ! አንጓዬ ላይ ደግሞ ሹራብ የለም፣ እንጨት ነው። ይዞ ቆየ። ቀጭን መሆኔን በእጁ አወቀ።

አውቆ ነው ያስቀመጠኝ። ያ "ከባድ አይደሉም እንዴ" ብሎ መጮሁ ማስመሰል ነበር።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ፣ አንገቱን ላንቀው። ቲኬት ቆራጯን ብቻዋን አገኘኋት። "ሥራውን ለቀቀ እማማ። እቃውን እየጠቀለለ ሲያፏጭ ነበር። እንኳን ሲያፏጭ፣ ሲስቅም አይቼው አላውቅ።"

ቤት ግን ደስታ ሆነ። ድንቢጥ ደረጃ በሩጫ ትወጣ ጀመር! ዳይሬክተሯ ራሷ ደውላ "ምን አደረጋችኋት?" አለች። ምራቴ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አዲስ ሹራብም ገዛችልኝ። እኔ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላልኩም። አፌን የዘጋሁት ያኔ ብቻ ነው።

አንዳንዴ ብቻ ልጅቷ በር ስትከፍት፣ ገብታ ቶሎ አትዘጋም። ትንሽ ታቆየዋለች... የሚከተላት ሰው እስኪገባ ይመስል።

ዛሬ ጠዋት በመስኮት ወደ ግቢ አየሁ።

ድንቢጥ ያ ጣውላ ላይ ናት። አንደኛው ጫፍ ላይ፣ ወደ ላይ ተነስታ። እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

"አያቴ! እይኝ! አልፈራሁም እኮ!"

በቤት ጫማዬ ወጣሁ። በሁሉም ሹራቦቼ ሆኜ እንኳን በረደኝ።

ግቢው ውስጥ ሌላ ልጅ የለም።

ወዲያኛው ጫፍ መሬት ነክቷል። ባዶውን።

"ነይ ውረጂ የኔ እናት..." አልኳት።

እሷ እኔን አልሰማችም። ወደ ባዶው ጫፍ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ትለምናለች።

"እንዳትነሺ... እሺ? አያቴ እስክትመጣ እንዳትነሺ..."

ከባዶው ጫፍ ሥር ያለው አሸዋ ቀስ እያለ ይሰረጉዳል።