የጉቲን ሦስት ጉቶዎች

አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ወደሚገኘው ጋራዥ ሲገቡ መሸሻ የሞተር መጋዝ ፒስቶን በቤንዚን እያጠበ ነበር። ቀና ብሎ አያቸውና እጁ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ቀን ሲፈራው ኖሯል፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«የጨመዳን መጋዝ ያበጀኸው አንተ ነህ?» አለ አንደኛው።

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ተሰረቀበት?»

«ጨመዳ ትናንት አንገር ጉቲን ሞቶ ተገኘ። መጋዙ አንገቱን በልቶታል።»

መሸሻ ፒስቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል አመለጠውና ቤንዚኑ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ሰማይ ተደፋበት።

በነቀምቴና በዙሪያዋ መጋዝ የያዘ ሰው ሁሉ መሸሻን ያውቃል። አባቱ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እሱም ከብረት ጋር አደገ። ፋብሪካ የሠራው መጋዝ እሱ እጅ ገብቶ ሲወጣ ሌላ አውሬ ነው። የጭስ መውጫውን ማርሚታ ከፍቶ ያስተነፍሰዋል። ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ያለችውን ጉብታ፣ እሱ «ልጓም» የሚላትን፣ በሞረድ ዝቅ ያደርጋታል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ እንጨቱን መፍጨት ትቶ ቁራሽ ቁራሹን ይጎርሳል። ደንበኛ ከለመነው ደግሞ የፊቱን ፍሬን አውጥቶ ይሰጠዋል። ፍሬኑ መጋዙ ድንገት ወደ ያዘው ሰው ሲፈናጠር ሰንሰለቱን ቀጥ የሚያደርግ ነው፤ ቆራጮቹ ግን «ያለጊዜው እየያዘ ሥራ ያስፈታናል» ይላሉ።

ጨመዳም ከሁለት ዓመት በፊት ለምኖ አስወጥቶታል። ሚስቱ መታሰቢያ በበኩሏ ሦስት ጊዜ ጋራዥ ድረስ መጥታ «ጋሽዬ፣ ያችን ፍሬን ይመልሱለት» ብላው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «እሺ፣ በሚቀጥለው ሲያመጣው» ብሎ ሸኝቷታል።

በዚያ ሳምንት ጋራዡ ሥራ በዝቶበት ነበር። ከሰኞ ጀምሮ የቆራጩ የጃራ መጋዝ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የጣውላ ነጋዴው ፈየራ ሚስማር ያገኘው መጋዝ ይዞ መጥቶ፣ መሸሻ «የሰንሰለቱ የአንድ ወገን ጥርሶች በሙሉ ሞተዋል፣ ቀይረው» ቢለው «ጊዜ የለኝም» ብሎ ይዞት ሄዷል። መሸሻ ግን አሁን ይህን ሁሉ የሚያስብበት ልብ አልነበረውም። ከጋራዡ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስበት ነበር፦ ገደልኩት።

በፖሊሶቹ መኪና ውስጥ ኢንስፔክተር ድርቤ ሞረዳ ትጠብቀው ነበር። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ትታ እጁን የምታይ ሴት ናት።

«አካም ቡልተኒ፣ እንደምን አደሩ፣ ኦቦ መሸሻ። አብረውኝ ጉቲን ይወርዳሉ» አለችው። «ስለዚያ መጋዝ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ተጠርጣሪም ነዎት፣ አስተማሪዬም ነዎት።»

መንገዱ ከነቀምቴ ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት እየጠመዘዘ ወረደ። ጆሮ ይደፍናል። ድርቤ ጭኗ ላይ የተቀመጠውን መጋዝ ከማዳበሪያ ከረጢት አወጣችው።

«እዚህ ካርቡሬተሩ ላይ የጥፍር ቀለም አያለሁ። ቀይ ነጥብና ቢጫ ነጥብ። ምንድን ነው?»

«የኔ ምልክት ነው» አለ መሸሻ፣ ዓይኑን ከመጋዙ እያሸሸ። «ነቀምቴ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። ጉቲን ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚን ካልተጨመረለት ሞተሩ በባዶ ይጮሃል፣ ይነዳል። ጨመዳ አንዴ ጉቲን ላይ ፒስቶን አቃጥሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ ምልክት አደረግኩለት። ለደጋ ቀዩ፣ ለቆላ ቢጫው። ወደ ቆላው መግቢያ ያለውን ድልድይ ሲያልፍ ወርዶ ብሎኗን በካቻቢቴ ያዞራታል።»

«ይረሳል?»

«እሱ? ጸሎቱን ቢረሳ እሷን አይረሳም።»

ድርቤ ብሎኗን ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ እንዲፈታላት ለመነችው። ፈታላት። ጫፉ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ነበር። በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ሰንሰለቱን የሚሸፍነውን ክዳንም አስከፈተችው፤ ውስጡ በዘይት የረጠበ የእንጨት ብናኝ ታጭቋል። አሸተተችው።

«ጽድ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ጉቲን ሲደርሱ የመሬቱ ባለቤት አቶ በርናባስ ማሳው ዳር ጠበቋቸው። በሠፈራው ዘመን የመጡ፣ ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ዋንዛ ወድቋል። አራተኛው ሥር፣ ሣሩ በተኛበት፣ ጨመዳ የተገኘበት ቦታ በገመድ ታጥሯል። መሸሻ ከመኪናው መውረድ አቃተው። ያን ሣር ላለማየት ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ፤ ድርቤ በጉቶዎቹ መሀል ስትመላለስ፣ በመዳፏ ስትዳስሳቸው፣ ከሥራቸው ብናኝ ስትቆነጥር በመስኮቱ ብቻ አየ።

«መጋዙን ሰምተዋል አባባ?» አለች ድርቤ ሽማግሌውን።

«ኧረ እንዴት አልሰማ! ሐሙስ ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ይጮህ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዝም አለ። ቁርስ እየበላ ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ሰውዬው...» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አላዩትም?»

«እኔ በማለዳ ከዚያ ጎጆ እግሬ አይነቀልም ልጄ። ያገኘው ጃራ ነው።»

ጃራ የጨመዳ የሥራ ባልደረባ፣ ቆላ ተወልዶ ያደገ ቆራጭ ነው። የያዘው ወባ ገና አልለቀቀውም፤ ቤቱ በጋቢ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ አገኙት።

«ከጨመዳ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለችው።

«ይህን ሥራ ቀማኝ ብዬ ነበር። ኋላ ታረቅን፤ በሱ መጋዝ አብረን ልንቆርጥ። ትኩሳቱ ጣለኝና አረፈድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ብመጣ ወድቆ አገኘሁት። ዋቃዮ! ባልታመም ኖሮ...» አለና አለቀሰ።

«ደም በዝቶ ነበር?»

ጃራ እንባውን ጠርጎ አሰበ። «አይ፣ ሣሩ ላይ አልነበረም። እኔም ገርሞኝ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ነቀምቴ ተመለሱ። ፈየራ የጣውላ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ተቀበላቸው፤ ደልደል ያለ፣ ሐዘኑን በነጠላ የጠቀለለ ሰው። የግራ አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል። መሸሻ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይሰማል።

«ጨመዳን ረቡዕ ማምሻውን በራሴ መኪና ጉቲን አድርሼ፣ በሰላም አውርጄ ተመለስኩ» አለ ፈየራ። «ሐሙስ ረፋድ እዚሁ ነበርኩ፤ ገበያው ሁሉ አይቶኛል። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኢንስፔክተር፤ ሰውየውን የገደለው ያ መካኒክ ነው። ፍሬን የሌለው መጋዝ ሰይጣን ነው።»

«ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«የመኪና በር ተዘጋብኝ።»

መሸሻ የሰይጣኑን ነገር ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው እውነቱን ነው አለ በልቡ።

መታሰቢያ ዘንድ ሲሄዱ ግን ከመኪናው እንዳይወርድ ድርቤን ለመናት። ለቅሶ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ሴትየዋ ራሷ ወጣች። መሸሻን በመስኮቱ አየችውና ፊቷን ወደ ድርቤ አዞረች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«ጨመዳ የሚፈራው ነገር ነበረው፣ አዴ መታሰቢያ?»

«ሰኞ ፍርድ ቤት ሊመሰክር ነበር» አለች። «የደን ጠባቂውን አበጋዝን ጽድ ሸጧል ብለው አስረውታል አይደል? ጨመዳ፣ ‘ጽዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አበጋዝ አያውቅም’ አለኝ። ለማን ቆረጥክ ብለው፣ ‘ሰኞ ከሁሉ ጋር ትሰሚያለሽ’ አለ። በቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ ሲያለቅስ ነው የሰነበተው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በአቶ በርናባስ ማሳ ላይ ተሰበሰቡ። ሙቀቱ ገና ከማለዳው ያፍናል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ፈየራ በጭነት መኪናው መጣ። መታሰቢያ በጥቁር ልብስ፣ ጃራ በጋቢው፣ ሽማግሌው በምርኩዛቸው ቆሙ።

ድርቤ መጋዙን ለመሸሻ ሰጠችው። «እንደተገኘ ነው፤ ብሎኗን እንዳይነኩ። ከጋራዥዎ ቡናማ ካንዴላ ያምጡ ብዬ ነበር።»

«አምጥቻለሁ።»

«ይግጠሙትና ያንን የወደቀ ግንድ ይቁረጡልኝ። ሩብ ሰዓት ሳያቋርጡ።»

መሸሻ ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ። ወዲያው ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነ፤ ጮኸ። እጁ ከመቁረጡ ይልቅ መጋዙ እንዳይፈናጠርበት ይታገል ነበር። ፍሬን እንደሌለው እሱ ያውቃል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልጓሟን የፈታላትን አውሬ ዛሬ ራሱ አቅፎ ይዟል። ከሥሩ ቁራሹ እንጨት ጉልበቱ ላይ ይዘንባል። ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ አጥፍቶ፣ በጨርቅ ይዞ ካንዴላውን ፈታ።

አመድ መስሎ ነጥቷል።

ድርቤ ከኪሷ የመጀመሪያውን አውጥታ አጠገቡ ያዘችው። ቡናማና ነጭ።

«ይኸኛው ጨመዳ አጠገብ በተገኘው መጋዝ ላይ የነበረው ነው» አለች። «ሐሙስ ጠዋት እዚህ ቆላ ሦስት ዋንዛ ጥሎ ቢሆን ቤንዚን አንሶት እንደዚህኛው ይነጣ ነበር። ብሎኗም ቀዩ ነጥብ ላይ ናት፤ የደጋው ላይ። ጨመዳ ድልድዩን ሲሻገር የማይረሳት ብሎን ናት። አላዞራትም፤ ምክንያቱም ድልድዩን ሲሻገር በሕይወት አልነበረም።»

መታሰቢያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ክዳኑ ውስጥ ያለው ብናኝ ጽድ ብቻ ነው፤ አንዲት የዋንዛ ፍንካች የለበትም። ሐኪሙም ነገረኝ፤ መጀመሪያ የተመታው ከኋላ ራሱን ነው። አንገቱ የተቆረጠው ልቡ ካቆመ በኋላ ነው። ሣሩ ላይ ደም ያልነበረው ለዚህ ነው። ረቡዕ ማታ ደጋ ላይ፣ ጽዱ ጫካ ዳር ሞተ። እዚህ አምጥተው ጣሉት።»

«ታዲያ እኔ የሰማሁት መጋዝ?» አሉ ሽማግሌው።

«ሌላ መጋዝ ነው አባባ። አባቴ በእጅ መጋዝ ጣውላ ሰንጣቂ ነበር፤ ‘ጉቶ የቆራጩ ፊርማ ነው’ ይለኝ ነበር። ኦቦ መሸሻ፣ ትናንት ያላዩትን ዛሬ ይዩልኝ።»

መሸሻ ወደ ጉቶዎቹ ቀረበ። ከሥራቸው የፈሰሰው እንጨት ቁራሽ ሳይሆን ዱቄት ነው። የጉቶዎቹ ፊት ጎድጉዷል፤ ሦስቱም እንደ ጭልፋ። ጨመዳ የሚቆርጠው ጉቶ ሁልጊዜ እንደ ገበታ ደልዳላ ነበር። ተንበርክኮ ዳሰሰው።

«ይህ ሰንሰለት የአንድ ወገን ጥርሱ ሞቷል» አለ ቀስ ብሎ። «ስለዚህ ወደ ደህናው ወገን እየጎተተ ጎብጦ ቆርጧል። የጃራ አይደለም፤ የጃራ መጋዝ ከሰኞ ጀምሮ ተፈታቶ እኔ ጋ ነው።» ከዚያ ያለፈው ቅዳሜ ትዝ አለው። ቀና ብሎ ፈየራን አየው።

«ኦቦ ፈየራ፣ መጋዝ አለዎት?» አለች ድርቤ።

«የለኝም። እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ቆራጭ አይደለሁም!»

«ያለፈው ቅዳሜ ጋራዤ ይዘኸው መጣህ እኮ» አለ መሸሻ። «ሚስማር አግኝቶት። ቀይረው ብዬህ ነበር።»

ፖሊሱ ከፈየራ መኪና ሸራ ሥር መጋዙን አወጣ። ድርቤ በጣቷ የአንዱን ወገን ጥርሶች ነካች፤ ጠጠር እንጂ ጥርስ አልነበሩም።

«ጽዱን ያስቆረጡት እርስዎ ነበሩ። ጨመዳ ሰኞ ስምዎን ሊጠራ ነበር። ጠዋት መጋዝ እንዲሰማ፣ እርስዎም ረፋድ ላይ ነቀምቴ እንዲታዩ ፈለጉ። የጨመዳን መጋዝ አስነሥተው ሬሳውን ነኩበት፤ ተፈናጥሮ ጣትዎን ሰበረው። ዛፎቹን በእሱ ሊቆርጡ አልደፈሩም። የራስዎን አወጡ።»

ፈየራ ጣቱን ደበቀ። ከዚያ ሐሞቱ ፈሰሰ።

«ያን መጋዝ ማን ይይዘዋል?» አለ ድንገት ወደ መሸሻ እየጮኸ። «ሰው ይሠራዋል እንዲህ ያለ ነገር? እኔንም ሊገድለኝ ነበር!»

ወሰዱት። አቧራው ሲያርፍ ድርቤ መጋዙን ወደ ከረጢቱ መለሰች።

«ጨርሰናል፣ ኦቦ መሸሻ። ነፃ ነዎት» አለች ድርቤ።

መታሰቢያ ወደ እሱ መጣች። ዓይኗ ደርቋል።

«መጋዙ አልገደለውም አሉ፣ ጋሽዬ።»

«አልገደለውም።»

«እርስዎ ግን ትናንት ሙሉ ቀን ገድሎታል ብለው አምነው ነበር፣ አይደል? ፊትዎን አይቻለሁ።»



ነቀምቴ እንደገባ ጋራዡን ከፍቶ ከመደርደሪያው ሥር የዘይት ጣሳ ሳበ። የወጡት ፍሬኖች እዚያ ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ላይ የባለቤቱ ስም በጥፍር ቀለም ተጽፏል። አሥራ ሁለት። የጨመዳን ለብቻ አስቀመጠና ከቀሩት አንዱን አንሥቶ ስልክ ደወለ። ኑኑ ቁምባ ላለ ቆራጭ ነው።

«መጋዝህን አምጣው... የለም፣ አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት... ነገ ሥራ አለብኝ አልከኝ?»

ሞረዱን ከጠረጴዛው አነሣ።

«እንግዲያው አትነካካው፤ እኔ እመጣለሁ» አለና ሞረዱንና ጣሳውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ወጣ።