ዘጠና ኪሎ ከነመቆለፊያው

አስናቀው አግዳሚው ላይ እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። ዘጠና ኪሎው ብረት አንገቱ ላይ ተጋድሟል። መካነ ሰላም ከተማ ብረት የሚገፋበት ቤት ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ክብደቶቹም በዘይት ጣሳ ተቀርጸው የደረቁ ሲሚንቶዎች ናቸው።

ኢንስፔክተር የሻለም ስትደርስ ሳጅን ይሄነው ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። ሳጅኑ ቶሎ መጨረስ ይወዳል።

«ገዳዩን ይዣለሁ። የሚኒባሱ ሹፌር በላይ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚህ አስናቀው ሲያሠራው እጁ ተሰብሮ 'አልለቅህም' ብሎ ሲዝትበት ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

በላይ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታሽጓል፤ ግራውን ሳጅኑ በካቴና ከመስኮቱ ብረት ጋር አስሮታል። አፍንጫውን እንኳ የሚያክበት እጅ አልቀረለትም።

«ልጆቼ የሚበሉት ከመሪው ነው፣ እትዬ» አላት። «እጄ ሲድን እመለሳለሁ ስል ይኸው ነፍሰ ገዳይ ተባልኩ።»

«አብሽር» አለችው የሻለም። ከዚያም ብረቱን ዞራ አየች። በሁለቱም ጫፍ ክብደቱን የሚይዙት መቆለፊያዎች ጠብቀዋል። በጣቷ ልታላቅቃቸው ሞከረች፤ አልነቃነቅ አሏት።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሲሄድ፣ በር ላይ የምታለቅሰውን ሰብሌን ጠራቻት። ሰብሌ፣ ሟቹና አስከሬኑን ያገኘው ዓባይነህ ከስፖርት ሳይንስ በአንድ ቀን ተመርቀዋል። አሰልጣኝ፣ የአካል ብቃት ባለሙያ፣ መምህር ትሆናላችሁ ተብለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆኑት የማስታወቂያ ሰሌዳ አንባቢ ነው።

«ብቻውን ሲሠራ ክብደቱን ይቆልፋል?» አለቻት።

«በጭራሽ። መጀመሪያ የተማርነው እሱን ነው። ብቻህን ከሆንክ አትቆልፍም፤ ብረቱ ካሸነፈህ ወደ ጎን ታዘነብለዋለህ፣ ክብደቱ ተንሸራቶ ይወድቅና ትተርፋለህ። የሚቆለፈው ራስጌህ የሚያነሳልህ ሰው ሲቆም ነው።»

ይህን ብላ የተቆለፈውን ብረት አየች።

«ሥራ አግኝቶ ነበር?»

«ደሴ ላለ ክለብ የአካል ብቃት አሰልጣኝነት አልፎ ነበር። እስከ ዓርብ ሪፖርት ካላደረገ ተጠባባቂው ይጠራል።»

«ተጠባባቂው ማነው?»

«ዓባይነህ» አለች፣ ድምጿን እስከማይሰማ ድረስ ዝቅ አድርጋ።

ዓባይነህ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ልጅ ነው። አይኑ ቀልቷል።

«አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ አልቆለት አገኘሁት» አለ። «ብቻህን አትሥራ እያልኩ ስንቴ መክሬዋለሁ።»

የሻለም ሁሉንም በአግዳሚው ዙሪያ አቆመቻቸው፤ በላይን ከመስኮቱ እንደታሰረ ባለበት። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት ሰው ሲቆምበት መተንፈሻ ያጥራል፤ በሩን ደግሞ ሳጅኑ ሞልቶታል።

«አስናቀው ብቻውን አልነበረም» አለች። «ብቻውን ቢሆን አይቆልፍም ነበር። የቆለፈው የሚያነሳለት ሰው ስለነበረ ነው። እንግዲህ ማን? በላይ ባንድ እጁ ዘጠና ኪሎ አያነሳም። ሰብሌም አትችልም። ይህን የተማረ ሰው ደግሞ ማንሳት የማይችለውን ራስጌው አያቆምም። የሚችል፣ የሚያምነውም አንድ ሰው ነው የቀረው። እሱ ደግሞ ብቻውን ነበር እያለ ይነግረኛል።»

ዓባይነህ ወደ በሩ አየ። ሳጅን ይሄነው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

«አልገፋሁትም» አለ ዓባይነህ። «እጄን ብቻ ሰበሰብኩ። አባቴ አራት ጥማድ መሬት ሸጦ አስተምሮኝ፣ እኔ ሁለት ዓመት ከእናቴ ቤት አልወጣሁም። ዓርብ ሊያልፍ አራት ቀን ነበር የቀረው።»

የሻለም የበላይን ካቴና ፈታች። በላይ የተፈታ እጁን እንኳ አላንቀሳቀሰም፤ ዓባይነህን እያየ ቀረ።

ሰብሌ ግን ዓባይነህን ተጠጋችው። በዚያ አግዳሚ ላይ የተኛ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ራስጌው የቆመውን ሰው ፊት እንደሆነ ታውቃለች።

«አይቶሃል» አለችው። «ምን አለህ?»

«'ያዝልኝ' አለኝ።»

«ሌላስ?»



«ሌላ ምንም አላለም። የምቀልድ መስሎት ሳቀ።»