የኢታርሲው ጥሩምባ ነፊ

«አባዬ፣ በናትህ እንዳትመጣ! ባቡሩ ብዙ አይቆምም» አለች ዳሚኒ፣ ስልኩን በመዳፏ ጋርዳ።

«ኢታርሲ ላይማ በደንብ ይቆማል። እናትሽ ፑሪ ቂጣ ጠብሳልሻለች፤ ከነጓደኞችሽ ትበላላችሁ።»

ዳሚኒ ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ጓደኞቿን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። ናዚሽና ሩቺራ በአንድ ማንጎ እየተጓተቱ ይሳሳቃሉ።

«እሺ ና። ግን የሠርግ ባንዱን ልብስ እንዳትለብስ» አለች በሹክሹክታ።

አባቷም «እሺ ልጄ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሦስቱም ኢንዶር ከተማ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ዘንድሮ የትምህርት ዕረፍቱን አንዷ ቤት ሰንብተው ወደ ሌላዋ ቤት ሊዞሩ ተማምለው ነበር። መጀመሪያ ቦፓል፣ ናዚሽ ቤት ሰነበቱ። የናዚሽ እናት ባዶ ሳህን ካየች እንደተሰደበች ነው የምትቆጥረው፤ ሥጋ ለማትበላው ለሩቺራ ሳይቀር ለብቻዋ ድስት ጥዳ ታበላት ነበር። ሐይቁ ላይ በጀልባ ሲዝናኑ ሩቺራ ከነጫማዋ ውሃ ውስጥ ወድቃ፣ እሷን ሊያወጡ ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። አሁን ደግሞ ወደ ናግፑር፣ ወደ ሩቺራ ቤት እየሄዱ ነው። ይዛቸው የምትሄደው የሩቺራ አክስት፣ እትዬ ቫትሳላ፣ ከተነሡ ጀምሮ ስለ ጉልበቷ ሕመም አውርታ አልጠገበችም።

ዳሚኒን ያስጨነቃት አንድ ውሸት ነው። አንድ ቀን በትምህርት ቤታቸው በር የሠርግ ባንድ ሲያልፍ፣ ናዚሽ «እዩ፣ ሰርከስ መጣ!» ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ያን ዕለት ማታ ሩቺራ «ያንቺ አባት ምንድን ነው የሚሠራው?» ስትላት፣ «ኮሌጅ ውስጥ ሙዚቃ ያስተምራል» አለች። ቦፓልም የናዚሽ አባት ሲጠይቋት ይህንኑ ደገመችው። እሳቸውም ሙዚቃ ወዳድ ናቸውና «የአስተማሪ ልጅ!» እያሉ ከጎናቸው ያስቀምጧት ጀመር።

ባቡሩ እየተጎተተ የዳሚኒ ወላጆች ወደሚኖሩባት ኢታርሲ ገባ።

አባቷን ለማግኘት መፈለግ አላስፈለጋትም። ቀይ ኮት፣ የወርቅ ቀለም ያለው ጥልፍ፣ ላባ የተሰካበት ቆብ! ጥሩምባውን በብብቱ፣ የምሳ ዕቃውን በእጁ ይዞ በየመስኮቱ እያጎነበሰ ይመጣል። ከኋላው ከበሮና መለከት የተሸከሙ ጓደኞቹ ይከተሉታል። ማታ የሚጫወትበት ሠርግ በድንገት ወደ ቀን ሳይዛወር አልቀረም፤ ልብስ መቀየሪያ ጊዜ አላገኘም።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ዳሚኒ አንገቷን ደፋች።

አባቷ መስኮቱ ሥር ደረሰና እሷን አልፎ እትዬ ቫትሳላን አየ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ዳሚኒ የምትባል ልጅ እዚህ አለች? አባቷ ሥራ ቢይዘው ይቺን አድርስልኝ ብሎ ልኮኝ ነው።»

ናዚሽ ዘላ ወደ በሩ ሄዳ ምሳ ዕቃውን ተቀበለችው። «እናመሰግናለን ጋሼ! አስተማሪውን ሰላም ይበሉልን!»

«አስተማሪውን?» አለ። ዓይኑ አንዴ ወደ መስኮቱ መለስ አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አላትና ዞሮ መሄድ ጀመረ።

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ከቆቡ ሥር ላቡ በማጅራቱ ሲወርድ አየች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወፍራም ኮት፣ ፑሪው ሳይቀዘቅዝ ሊያደርስላት ሮጦ ነው የመጣው።

ዳሚኒ መቼ እንደተነሣች ለራሷም አልታወቃትም። ናዚሽን ገፍታ ወረደችና «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ደርሳም ዝቅ ብላ በአክብሮት እግሩን ነካች።

«ኧረ ተነሺ፣ ጓደኞችሽ እያዩ ነው» አለ በቀስታ።

«ይዩ።» ዞረች። ናዚሽና ሩቺራ በሩ ላይ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። «አባቴ ነው። አስተማሪ አይደለም፤ ሠርግ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ዋሽቻችኋለሁ።»

ናዚሽ ፊቷ ቀላ። «አባዬንም ነው የዋሸሽው። ስላንቺ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ነው የሰነበተው።»

«ዛሬውኑ ደውዬ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ናዚሽ ያን ዕለት ሰርከስ ያለችው ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ መሬት መሬት ታይ ጀመር። በመጨረሻ ሩቺራ፣ አፏ ፑሪ እንደሞላ፣ «ታዲያ ጥሩምባ ይዘው መጥተው ሳንሰማ ልንሄድ ነው እንዴ?» አለች።

አባቷ ዳሚኒን አየ። እሷም በአንገቷ እሺ አለችው።

ጥሩምባው ጮኸ፤ ከበሮው ተከተለ። ተሸካሚዎች ሻንጣ አስቀምጠው እጃቸውን አንሥተው ጨፈሩ፤ ሻይ ሻጩ በማንቆርቆሪያው ክዳን ይመታ ጀመር። ናዚሽ መጀመሪያ አፍራ ቆማ ነበር፤ ኋላ ግን የአንገት ልብሷን ወገቧ ላይ አስራ መሐል ገባች። እትዬ ቫትሳላም «ወይ ጉልበቴ!» እያለች ወርዳ፣ ከሁሉም በላይ ትከሻዋን ስትነቀንቅ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ።

ባቡሩ ፊሽካውን ነፋ። እየተጋፉና እየተጓተቱ ተሳፈሩ። ዳሚኒ ቀዩ ኮት እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች።

ተመልሳ ስትቀመጥ ናዚሽ የመጨረሻዋን ፑሪ ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠቻት። «አሁንም አኩርፌሻለሁ» አለች። «ግን ስንመለስ እናንተ ቤት እንወርዳለን ወይስ አንወርድም?»

ዳሚኒ ባለ አንድ ክፍሉን ቤታቸውን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ከበሮዎች፣ ሙቀት ሲሆን ተደርድረው የሚተኙበትን ጠፍጣፋ ጣሪያ አሰበች።

«እንወርዳለን» አለች። «ግን አባዬ ጎህ ሲቀድ ነው ልምምድ የሚጀምረው። መተኛት የለም።»

ከዚያም ስልኳን አወጣችና የናዚሽን አባት ቁጥር ፈለገች።