ከወይኑ ተዳፋት የተመለሰ ጫማ

እትዬ አልታየሽ የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ብፅዓት በሁለት እጇ መልሳ ገፋችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። እዚህ ቢሮ ምግብም ሆነ ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም።»

«ምግብ?» አሉ ሴትዮዋ ግራ ተጋብተው። «ልጄ፣ የወንድሜ ጫማ ነው።»

ብፅዓት ፊቷ ጋለ። ፌስታሉን ወደ ራሷ ሳበችው። ውስጡ የጀርመን ፖሊስ ያሸገው ላስቲክ ነበር፤ በላስቲኩ ውስጥ አንድ ጥንድ ቡናማ የተራራ ቦት ጫማ ይታያል። ማሸጊያው አልተከፈተም።

«እቤት ላሳድረው አልቻልኩም» አሉ እትዬ አልታየሽ። «አውልቆ ነው የዘለለው ይላሉ። አንቺው ያዢው።»

ብፅዓት የምትሠራው በኮሮነሩ ቢሮ፣ ማለትም ድንገተኛ ሞትን በሚያጣራው ዳኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ አገር ሞቶ አስከሬኑ ወደ ለንደን የተመለሰ ሰው አሟሟቱ አጠራጣሪ ከሆነ እዚህም እንደገና ይመረመራል። የእትዬ አልታየሽ ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ዳኛቸው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጀርመን ውስጥ የሞዝል ወንዝን ተከትሎ በወይን እርሻዎች መሃል በእግር ሊጓዝ ሄዶ ከከፍተኛ የድንጋይ ካብ ሥር ወድቆ ተገኘ። እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ጫማው ካቡ አናት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የጀርመን ፖሊስ ራሱን ሳያጠፋ አይቀርም ብሎ ጽፏል።

«ቄሱ ምን አሉ?»

«ቄስ ልዑልቃል ምን ይበሉ? ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት አይደረግለትም፣ የመርማሪዎቹን ቃል እንጠብቅ አሉ። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ወንድሜ ያለ ጸሎት አፈር ይግባ?»

ብፅዓት ቃል አልገባችላቸውም። እስከ አሳንሰሩ ድረስ ብቻ ሸኘቻቸው።

መጀመሪያ ያገኘችው ጉዞውን ያዘጋጀውን ሳህሉን ነው። ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው። ካምደን ገበያ አጠገብ ቆመው ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ያሳያት ጀመር።

«አይ ስዌር፣ ጋሽ ዳኛቸው ያን ቀን ሃፒ ነበር። ስቲፕነሱን፣ ቁልቁለቱን እዪው! ለቃሚዎቹ ራሳቸውን በገመድ ያስራሉ። እሱ ደግሞ ‘እዚህ ወይን ለመልቀም ነው የሚታሰረው፣ እኛ ሰፈር ጠጥቶ ነው’ ብሎ አሳቀን።»

በፎቶዎቹ ውስጥ ከታች ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ ይታጠፋል። ከወንዙ ዳር ጀምሮ የወይኑ ረድፍ እንደ መሰላል ወደ ላይ ይወጣል። መሬቱ አፈር አይመስልም፤ እግር ሲረግጠው የሚንሸራተት ጥቁር ስስ ድንጋይ ነው። በመጨረሻው ፎቶ ላይ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ቦታ፣ ካቡ ጫፍ ላይ የአውቶቡስ መጠበቂያ የምታክል ነጭ ቤት ቆማለች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ቻፕል ናት፣ የጸሎት ቤት። እኔ እዛ አልደረስኩም። ወይን የሚያመላልሰውን ትንሽ ባቡር ቪዲዮ ሳደርግ ወደ ኋላ ቀረሁ።»

«የሁላችሁም ጫማ አንድ ዓይነት ነው?»

«ሴል ላይ በቅናሽ አግኝቼ ለአራታችንም ኦርደር አደረግኩ። የኔ ፎርቲ-ሲክስ፣ የሰናይት ትንሽዬ፣ የሁለቱ ጋሼዎች ፎርቲ-ስሪ።»

ሌላዋ ተጓዥ ሰናይት ነርስ ናት። በሆስፒታሉ የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ብፅዓት ገና ሳትቀመጥ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። በዋዜማው እራት ላይ አግቢኝ አለኝ፤ አይሆንም አልኩት።»

«ተቆጣ?»

«ሳቀ። ‘እንግዲያው አገሬ ልግባ፤ እዚህ ብቻዬን ከማረጅ እዚያ ብቻዬን ላርጅ’ አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።»

«ማን ሰማው?»

«እኔ ብቻ። ሳህሉ ቀድሞ ተኝቷል፤ ተክለአብም ሒሳብ ሊከፍል ተነስቶ ነበር።»

በማግሥቱ አቀበቱ ከብዷት ከመንገድ ተመልሳ ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ከወይኑ በላይ ትንንሽ ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻቸው።

«ማን ቀድሞ ወረደ?»

«ተክለአብ። እያነከሰ። ጉልበቴ ተጣመመ አለኝ። ልይልህ ስለው እምቢ አለ። ማታ ግን ሆቴሉ ውስጥ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ሲወጣ ምንም አልነበረውም።»

አራተኛው ተጓዥ ተክለአብ ፓርክ ሮያል በሚገኝ የዳቦ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነው። ከዳኛቸው ጋር ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አብረው ተሰደው መጡ፤ ለዓመታትም አንድ ክፍል ተጋሩ። ካንቲን ውስጥ ዱቄት የነካው ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ቀድሜው ተመለስኩ እህቴ። ሲወድቅ አላየሁም።»

«ጸሎት ቤቱ ገብተዋል?»

«እኔ አልገባሁም። እሱ ይግባ አይግባ አላውቅም።»

«ቅዳሜና እሁድን ከማን ጋር ነበር የሚያሳልፉት?»

«ከሱ ጋር።»

«አሁንስ?»

ሻዩን አየ። «ኦቨርታይም እገባለሁ።»

ብፅዓት ይህን መልስ አልጻፈችውም። እሷም እሁድ ቢሮ የምትገባባቸው ሳምንታት ነበሩ።

ሐሙስ ዕለት ሃክኒ፣ ለቅሶ ቤት ሄደች። ዳኛቸው ከእህቱ ጋር ነበር የሚኖረው። በሩ ላይ የለቀስተኛው ጫማ ተደርድሯል፤ እሷም የራሷን አውልቃ ገባች። እትዬ አልታየሽ የወንድማቸውን ክፍል ከፈቱላት። አልጋው ተነጥፏል። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። አልጋው ሥር ሦስት ጥንድ ጫማ ነበር። ብፅዓት አንዱን ግራ ጫማ አንስታ እጇን ከተተች፤ ተረከዙ ላይ ወፍራም ቡሽ ተለጥፏል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ነው።

«ልጅ ሆኖ የተሰበረ እግሩ አጥሮ ገጠመ» አሉ እትዬ አልታየሽ። «ጫማ በገዛ ቁጥር ግራው ላይ ቡሽ ያስለጥፋል። ያለ ቡሽ ከበር አይወጣም። ያፍር ስለነበር ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።»

ስትወጣ እግሯን አንድ ጥቁር ጫማ ውስጥ ከተተች።

«ኧረ እሱ የኔ ነው!» አለች አንዲት ወጣት ከኋላዋ፤ ሳቋ አምልጧት ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሳ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ብፅዓት አንድ እግሯ በሰው ጫማ ውስጥ እንዳለ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ማሸጊያውን ቀደደችና እጇን ወደ ግራው ቦት ጫማ ውስጥ ሰደደች።

አርብ ከሥራ በኋላ በእትዬ አልታየሽ ሳሎን ሁሉም ተሰበሰቡ። ሳህሉ መስኮቱ አጠገብ ቆመ፤ ሰናይትና ተክለአብ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ቄስ ልዑልቃል መስቀላቸውን እንደያዙ ከበሩ አጠገብ ነበሩ። ብፅዓት ቦት ጫማውን መሃል ላይ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ፖሊሶቹ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ጫማ አዩ» አለች በዝግታ። «አውልቆ ዘለለ አሉ። እነሱ ባነሱት ፎቶ ላይ ግን ከጫማው ጀርባ የጸሎት ቤቱ በር አለ። አባ፣ እርስዎ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?»

«ሊሳለም ገብቷል እላለሁ» አሉ ቄሱ። ፊታቸውን ወደ እትዬ አልታየሽ ማዞር አልቻሉም።

«እኔም። ግን ሰውየው ሲወድቅ በካልሲ ነበር። ከጸሎት ቤት ሲወጣ ጫማውን እንኳን እንዳያደርግ ያደረገው ነገር አለ። እትዬ፣ እጅዎን ግራው ውስጥ ያስገቡ።»

እትዬ አልታየሽ ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። «ቡሹ የለም።» እንደገና ዳሰሱ። «ይሄ የዳኛቸው አይደለም!»

«ዌይት» አለ ሳህሉ። «ታዲያ የማን ነው?»

«አንድ ዓይነት የሆኑት አራት ጥንድ ናቸው፤ አርባ ሦስት ቁጥር ግን ሁለት ብቻ። በጸሎት ቤቱ በር ላይ ሁለቱም ተቀምጠው ነበር። ገብተው የጸለዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ሲደነግጥ የሌላውን ጫማ አድርጎ ሮጠ። በግራው ተረከዝ ሥር ወፍራም ቡሽ ስለነበር እያነከሰ ወረደ። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ማነከሱም ቀረ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አቶ ተክለአብ፣ ጉልበትዎ አልተጣመመም።»

ተክለአብ ወለሉ ላይ ያለውን ጫማ እንደማያውቀው ሰው አየው።

«ቡሽ ነው እንዴ?» አለ። «እኔ እግዚአብሔር እግሬን የያዘኝ መስሎኝ...»

«ንገረን» አሉት እትዬ አልታየሽ።

«ሻማ አበራን። ስንወጣ፣ አገሬ ልገባ ነው፣ ቲኬት ቆርጫለሁ አለኝ። ‘እኔን ለማን ትተህ?’ አልኩት። ፊቱን አዙሮ ወንዙን ያይ ጀመር። ጃኬቱን ያዝኩት። ልቀቀኝ ብሎ ሲመነጨቅ በካልሲ ነው፣ ድንጋዩ ከዳው። ጮኼ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ሰው ልጠራ ነበር የወረድኩት። ሰናይትን ሳያት አፌ ተያዘ።»

«እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ!» አለች ሰናይት። «ነርስ እኮ ነኝ! ራሴን ስረግም ስትሰማኝ ሰነበትክ!»

«ፍትሐት ሲከለከልስ?» አሉ እትዬ አልታየሽ። «ወንድሜ ራሱን ገደለ ሲባል እዚህ ቁጭ ብለህ ንፍሮ ስትበላ አልነበር?»

ተክለአብ አንገቱን ደፋ። ብፅዓትን ብቻ እያየ ጠየቀ።

«ሰው ብጠራ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ብፅዓት የሐኪሙን ቃል ደጋግማ አንብባዋለች። «አይተርፉም ነበር። የተሰበረው አንገታቸው ነው፤ ወዲያው ነው ያረፉት።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ሰናይት ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄዳለች።

«የሱ ጫማስ?» አለች ብፅዓት።

«አልጋዬ ሥር ነው። መጣል አልቻልኩም።»

ቅዳሜ ጠዋት ቄስ ልዑልቃል ለዳኛቸው ሙሉ ፍትሐት አደረሱለት። ተክለአብ ወደ ውስጥ አልገባም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆመና ቡሽ ያለበትን ጫማ ለእትዬ አልታየሽ ሰጣቸው። ተቀብለው እጃቸውን ግራው ውስጥ ከተቱና ቡሹን ዳሰሱ። ከዚያ ብፅዓት መኪናዋን ከፈተችለትና አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።