ሰነፉ የታየበት ዛፍ

«አውቶቡሱ ሊነሳ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል!» አለ ሌላው አስጎብኚ ጆሲማር በሬዲዮው። «የኔዎቹ እንግዶች ሰነፉን አይተው ጨርሰዋል። ያንቺዎቹስ?»

አሬሊስ ገና እየፈለገች ነው። አንገቷን አቅንታ ከዛፍ ዛፍ እያየች ነው። ከመርከቡ የወረዱት አሥራ አንድ እንግዶችም ከኋላዋ ሆነው እሷ ያየችውን ሁሉ ያያሉ። የአትክልት ስፍራውን ጨርሰው፣ ኦርኪዱንና የካካዎውን ዛፍ ፎቶ አንስተው፣ የዱር እንስሳት መጠለያው ውስጥ ጦጣም አዞም አይተዋል። ግን ሰው ሊሞን ወደብ ድረስ የሚመጣው ለጦጣ አይደለም። ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀኑን ሙሉ ለሚያንቀላፋው፣ ስሎዝ ለሚባለው እንስሳ ነው። የአገሬው ሰው «ሰነፉ» ይለዋል።

አሬሊስ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአስጎብኚዎቹን አለቃ ሚስ ኤኒድን እግር በእግር እየተከተለች የዛፎቹን ስም ሸምድዳለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን እያስጎበኘች ነው። ሚስ ኤኒድ ጠዋት አረንጓዴውን የአስጎብኚ ሸሚዝ አሳይተዋት መልሰው አጠፉት።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ትለብሺው እንደሆነ እናያለን» አሏት። «እንግዶቹ አውቶቡስ ሲገቡ ፊታቸውን አያለሁ።»

ጆሲማር በሌላው መንገድ እየሮጠ መጣ። እሱ ሸሚዙን ከለበሰ ዓመት ሆኖታል።

«የት አገኘኸው?» አለችው በሹክሹክታ።

ወደ አንድ ረጅም ዛፍ በከንፈሩ ጠቆማት።

«እሱ እኮ የምስጥ ቤት ነው!»

«አቦ አታካብጂ! ቡናማ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ አይንቀሳቀስም። ሰነፉስ መቼ ይንቀሳቀሳል?»

አሬሊስ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል፣ ከእንግዶቹ መካከል የገለባ ባርኔጣ ያደረጉት አሮጊቷ ሚስስ ፕሪቸት ወደዚያው ዛፍ እያመለከቱ ጮኹ።

«አየሁት! ያውና!»

ሁሉም ግር ብለው መጡ። «ተንቀሳቀሰ!» አለ አንዱ። «እኔን እያየኝ ነው!» አለ አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሚስቱን አቅፎ ከመሬት እያነሳት። ከዚያ ሁሉም ዞረው ለአሬሊስ አጨበጨቡ።

በሕይወቷ ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«አንቺ ምንም አላልሽም» አላት ጆሲማር በጎኗ። «ያሉት እነሱ ናቸው። ዝም በይ በቃ፣ ሸሚዙ ያንቺ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ምንም አላለችም። አፏን ዘግታ ወደ በሩ መራቻቸው። ከወደቡ የመርከቡ ጥሩምባ ተሰማ። ሚስ ኤኒድ አውቶቡሱ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ሸሚዙ ታጥፎ ክንዳቸው ላይ ነው። የእንግዶቹን ፊት አንድ በአንድ እያዩ ፈገግ አሉ።

ሚስስ ፕሪቸት ፖስትካርድና እስክሪብቶ አወጡ። «ለልጅ ልጄ ልጽፍለት ነው፣ የኔ ልጅ። ሰነፉ ሴት ነው ወንድ?»

«ሴት ናት!» አለ ጆሲማር ፈጠን ብሎ።

«ስሟስ ማነው?»

ጆሲማር ወደ አሬሊስ አየ። አሮጊቷም እስክሪብቷቸውን እንደያዙ እሷኑ ይጠብቃሉ። አሬሊስ አሥር ስም መጣላት። አሥሩም ያምሩ ነበር።

«ሚስስ ፕሪቸት» አለች፣ «ስም የላትም። ያየነው የምስጥ ቤት ነው። ያኔውኑ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ እያየኝ የነበረው ማነው?» አለ ግዙፉ ሰውዬ። ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

አሬሊስ ሰዓቷን አየች። «ሰባት ደቂቃ አለን። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ጓሩሞ የሚባል ዛፍ አለ፤ ሰነፉ ቅጠሉን ይወዳል። ትናንት አንድ ነበር። ዛሬ ላይኖር ይችላል፣ ቃል አልገባም። መሮጥ የሚችል ይከተለኝ!»

«ሰባት ብቻ!» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ። «ስምንት ካላችሁ መርከቡ ጋ በዋና ነው የምትደርሱት!»

አሥራ አንዱም ሮጡ። ሚስስ ፕሪቸት ፖስትካርዳቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊት ሆኑ። አሬሊስ በሚስ ኤኒድ አጠገብ ስታልፍ ሸሚዙ ክንዳቸው ላይ እንዳለ ታውቃለች። ዞራ አላየችውም። ዓይኗ ቅርንጫፎቹ ላይ ነበር።